ኤል 300 ፎርዊል በሐረጎ ዳገት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ሚትሱቢሺ ኤል 300 ባለ ፎርዊል ቫን ናቸው። ጃፓን ውስጥ ዴሊካ የሚባለው መኪና ነው። የጠያቂዎቻችን መኪኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ የተሠራው ትውልድ ሲሆኑ ሞተራቸው 2,477 ሲሲ የናፍጣ 4ዲ56 ነው። ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ተቀምጧል፤ ለሥራ የሚደረስበት ወንበር ተነሥቶ ነው። ይህ አቀማመጥ ራሱ ከታች ለምናነሣቸው ብዙ ችግሮች ምክንያት ነው፤ የማይታይ ነገር ይረሳልና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍሎች። መኪናዬ ባለ ቱርቦ ኤል 300 ፎርዊል ነው። ባዶውን ምንም አይለውም። ሰውና ዕቃ ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ግን ሐረጎ ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ሁለት ጊዜም አፍልቷል። ራዲያተሩ ታጥቧል። አንድ መካኒክም ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ "ቴስታታው ነው፣ እንፍታው" እያሉኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ገና ነው፣ አያስፈቱት። ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተሩን ራስ) ማውረድ ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ሲያልቅ የሚመጣ ሥራ ነው። ባዶውን ደህና ሆኖ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሙቀቱን አውጥቶ የሚጥለው ክፍል መድከሙ ነው።

ከራዲያተር ክዳኑ ይጀምሩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ በ94 አካባቢ። የሞተሩ ውሃ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ደሴ ላይ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የላላ፣ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ቆላ ላይ ሳይታወቅ ይከርምና ሐረጎ ላይ ያፈላል። ክዳኑን መጠራጠር ሳይሆን በአዲስ መቀየር ነው፤ ከሁሉም የሚረክሰው ዕቃ እሱ ነው። 0.9 የነበረውን በ0.9 ይተኩ። 1.1 ገጥመው ለማሻሻል አይሞክሩ፤ ትርፉ ያረጀውን ራዲያተርና ማኒኮቶ (የላስቲክ የውሃ ቱቦ) ማፈንዳት ነው።

ቀጥሎ ውሃ የሚጠፋበት ቦታ ይፈለግ። የኋላ መቀመጫ ማሞቂያ ያለው ኤል 300 ከወለሉ ሥር ወደ ኋላ የተዘረጉ ሁለት የብረት የውሃ ቱቦዎች አሉት። ጭቃ ይዘው ይቀመጡና ከውጭ ወደ ውስጥ ይዝጋሉ። የሚያፈሱት በጠብታ ስለሆነ መሬት ላይ ምልክት አይተዉም፤ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ያደርቀዋል። መኪናውን አንሥተው ቱቦዎቹን በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ የደረቀ ቅሪት ካዩ እዚያ ነው። የኋላውን ማሞቂያ የማይፈልጉ ከሆነ ከሞተሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ማኒኮቶዎች በአንድ ቁራጭ ቱቦና በሁለት ማሰሪያ ያገናኙ፤ የዛገው መስመር ከነችግሩ ይገለላል።

ሦስተኛው ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ነው። በውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ያለው ዓይነት ነው፤ ሲሞቅ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ቁልፉን አውጥተው፣ ክንፉን በእጅ ይግፉት። ጠንከር ብሎ ትንሽ ዞሮ ከቆመ ጤነኛ ነው። በነፃነት ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞረ፣ ወይም መሃሉ ላይ የዘይት ወዝ ከታየ፣ ዳገት ላይ አየር አይስብም። በዙሪያው ያለው የፕላስቲክ ከለላም በቦታው መኖሩን ይዩ። ለሥራ አያመችም ተብሎ ተነቅሎ ከተጣለ ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን ትቶ በዙሪያው ያለውን ሙቅ አየር ነው የሚያዞረው።

"ራዲያተሩ ታጥቧል" ያሉት በውጭ ከሆነ ግማሹ ሥራ ቀርቷል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በእጅ መዳፍ ከላይ ወደ ታች ይዳስሱ። ሙቀቱ ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ድንገት ቀዝቃዛ የሆነ ሰፊ ቦታ ካገኙ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተዘግተዋል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ዓመት ሙሉ የቧንቧና የወንዝ ውሃ መጠቀም ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይሠራል። የዚህ ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ንጹሕ ውሃ ብቻውን ብረቱን ይበላዋል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የባትሪ ውሃ (አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን ውሃ) ቀላቅለው ይሙሉ። ደሴ አይበርድም፣ ውሃ አይረጋም ብለው አይተዉት፤ እኛ የምንፈልገው ዝገት መከላከያውንና የመፍያ ነጥብ ማሳደጊያውን ነው።

ቴርሞስታቱን ይመልሱት። ያለ እሱ ሞተሩ ቁልቁለትና ሜዳ ላይ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ናፍጣው በወጉ አይቃጠልም፣ ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሲሊንደሩ ይበላል። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት በገመድ አንጠልጥለው ውሃ የተጣደበት ድስት ውስጥ ይክተቱት። ላዩ ላይ የተመታው ቁጥር መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው፤ ደሴ ላይም ቢሆን ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት አለበት። ሲገጠም የአየር ማስወጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

ውሃ ሲሞላ አየር የሚቀርበት መኪና ነው። አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርገው ያቁሙት፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ በዝግታ ይሙሉ። ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን አስነሥተው የላይኛውን ማኒኮቶ እየጨመቁ አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቁ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና ይሙሉ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ካፈላ፣ ያኔ ወደ ቴስታታው እንምጣ። መኪናው አድሮ ሳይነሣ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ከተገኘ፣ ወይም ሞተሩ በቀዝቃዛው ተነሥቶ ራዲያተሩ አፍ ላይ የማያቋርጥ አረፋ ከወጣ፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ቴስታታው ሲወርድ በቀጥተኛ የብረት ማስመሪያና በስስ የክፍተት መለኪያ ይለካ፤ 0.05 ሚሊ ሜትር ድረስ ደህና ነው፣ ከ0.2 ካለፈ ተበላሽቷል። በቫልቮቹ መካከል የፀጉር ያህል ስንጥቅ በዚህ ሞተር የተለመደ ነው። ወደ ውሃው መንገድ መድረስ አለመድረሱን የሚለየው ግን ዓይን አይደለም፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተከትቶ በአየር ግፊት መፈተሽ ነው። ቶርኖ ቤት "ትንሽ እንላጨው" ሲሉዎት ሳይለካ አይስማሙ። አዲሱ ጋስኬት ሲገዛ በጠርዙ ላይ ያሉት ቁርጦች ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ ውፍረቱን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

እስከዚያው ሐረጎን ሲወጡ ሞተሩን በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ አያስጨንቁት። ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቀንሰው 2,500 ዙር አካባቢ ያቆዩት፤ የውሃ ፓምፑና ቬንትሌተሩ የሚዞሩት በሞተሩ ፍጥነት ነው። መለኪያው መውጣት ሲጀምር ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን ይክፈቱ፣ ዳር ይያዙ። ሞተሩን ወዲያው አያጥፉት፤ በ1,200 ዙር አካባቢ ይዘው መርፌው እስኪመለስ ይጠብቁ። ውሃው አስቀድሞ ካለቀ ግን ማጥፋት ነው። ክዳኑን በሙቀቱ መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ያልተሰነጠቀውን ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ መኪናውን ከገዛሁት ገና ወራት ነው። ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። መካኒኬ ሽፋኑን ከፍቶ አይቶ "ትልቁን እንቀይር፣ ትንሿ ደህና ናት" አለኝ። ይበቃል? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አይበቃም፤ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ። በ4ዲ56 ላይ ትልቁ ቺንጋ የቫልቩን ዘንግና የናፍጣውን ፖምፓ ያዞራል፤ ትንሿ ደግሞ የሞተሩን ንዝረት የሚያረግቡትን የባላንስ ዘንጎች። ትንሿ ስትበጠስ ቁርጥራጭዋ ትልቁ ሥር ይገባል፣ ትልቁ ጥርስ ይዘላል ወይም ይበጠሳል፣ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል። ብዙ ጊዜ የሮከር ክንዶቹ ቀድመው ይሰበሩና ቫልቭና ፒስተን ይተርፋሉ፤ ዕድል ካልቀናዎት ግን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ብዙ 4ዲ56 ያለቀው በትልቁ ሳይሆን በትንሿ ነው።

ፋብሪካው የሚሰጠው ዕድሜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። በእኛ አቧራና ዳገት 80,000 ላይ መቀየር ተገቢ ነው እንላለን፤ ታሪኩ ላልታወቀ መኪና ደግሞ ዛሬ። በዓይን አይቶ ደህና ነው ማለት አይቻልም። የጎማው ጀርባ ምንም ሳይመስል ውስጡ ያለው ክር ያረጃል።

አብረው የሚቀየሩት የሁለቱም ቺንጋ መወጠሪያ ኩሽኔታዎች፣ የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የፊት ዘይት ማኅተምና የቫልቩ ዘንግ ማኅተም ናቸው። ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። የውሃ ፓምፑ የሚዞረው በውጭኛው ቺንጋ ስለሆነ የግድ አይደለም፤ ግን እዚያ ድረስ ተከፍቶ ሳለ ዘንጉን ወዝውዘው ክፍተት ካለው ይቀይሩት።

ሲገጠም የክራንኩ፣ የቫልቩ ዘንግና የፖምፓው ሦስት ምልክቶች በአንድ ጊዜ በየቦታቸው መግጠም አለባቸው፤ የባላንስ ዘንጎቹም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ፖምፓው ሲለቀቅ በራሱ ስፕሪንግ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንድ ሰው በቁልፍ ይዞት ሌላው ቺንጋውን ያልብስ። ከዚያ ሞተሪኖ ሳይነካ ክራንኩን በቁልፍ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። የሚያግድ ነገር ከተሰማዎት ወይም ምልክቶቹ ካልተመለሱ ፈትተው እንደገና ይጀምሩ። የክራንኩ ፑሊ ቡሎን በቶርክ ቁልፍ ይጠበቅ፣ ፑሊው የሚቀመጥበት ቁልፍ ብረትም ይታይ። እዚያ የላላ ፑሊ ቀስ እያለ የክራንኩን አፍንጫ ይበላዋል፤ የዚያ ጥገና ከቺንጋው ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በቀለም ሽፋኑ ላይ ይጻፉት። ነገ መኪናውን የሚገዛው ሰው ያመሰግንዎታል።

ጥያቄ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት አይነሣም። ሞተሪኖው ሲዞር ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ካልተገፋ እምቢ ይላል። ጎረቤቴ ኤተር ርጭት ሰጠኝና በእሱ አስነሣዋለሁ። ጉዳት አለው? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ ያቁሙ። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ውስጥ ኤተር ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ፒስተን ሰብሯል፣ ፊትም አቃጥሏል።

ነጭ ጭሱ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ናፍጣው እየደረሰ ነው፣ ሙቀት ግን የለም ማለት ነው። ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን የብረት ሳህን ፈትተው እያንዳንዱን ለብቻ በመልቲሜትር ይለኩ። ከሻሲ ጋር ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ከ1 ኦህም በታች መሆን አለበት፤ መስመሩ ክፍት ነው የሚል ንባብ ከመጣ ተቃጥሏል። ከአራቱ ሁለት ከሞቱ የደሴ ጠዋት አያስነሣዎትም፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን በዚያው ሊነሣ ይችላል። "ታች ደህና ነው፣ ላይ አይነሣም" የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አዲስ ሲገዙ ተጠንቅቀው ይግዙ። በዚህ ሞተር ላይ ባለ 6 ቮልትም ባለ 12 ቮልትም ካንዴላ ያለው ዓይነት አለ። ከመልክ አይለዩም፤ አንገቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ባለ 6ቱን በ12 ቮልት መስመር ላይ ከገጠሙት በጥቂት ቀን ጫፉ ይቀልጣል፣ ቁራጩም ሲሊንደር ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ሲገጥሙ በእጅ አስገብተው ከ20 ኒውተን ሜትር ሳያልፉ ያጥብቁ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ቶሎ ይነቀላል። ሲፈቱም ሞተሩን ሞቅ አድርገው ይሁን።

ካንዴላዎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ናፍጣው መስመር ይሂዱ። ሞተሪኖ ከመምታትዎ በፊት ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ይጫኑት። ያን ጊዜ ቶሎ ከተነሣ ሌሊቱን አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሳልባታዮው ይመለሳል ማለት ነው፤ የተሰነጠቁ የላስቲክ ቱቦዎችን፣ ማሰሪያዎችንና የእጅ ፓምፑን ላስቲክ ይፈትሹ። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን መክፈቻ በየወሩ ላላ አድርገው ብርጭቆ ውስጥ ያፍስሱ፤ ከታች የሚረጋው ውሃ ነው። ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ትንሽ ውሃም ውስጡን ያዝገዋል።

የቫልቭ ክፍተትም ይረሳል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ለሁሉም ቫልቭ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። የጠበበ ቫልቭ በወጉ ስለማይዘጋ ግፊት ያሳጣል፤ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ የሚታወቀውም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ወረኢሉና ወደ አቀስታ ስሄድ ጉጉፍቱ ላይ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። የፖምፓ ባለሙያ "ናፍጣ ልጨምርልህ" አለኝ። ላስጨምር? (ከደሴ)

መልስ፦ አያስጨምሩ። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ከደሴ ጀምሮ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ጉጉፍቱ ላይ ከዚያም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚያ ማጣቱ ተፈጥሮ ነው፣ ብልሽት አይደለም። በዚያ ላይ ናፍጣ ከተጨመረ የሚጨምረው የጭሱ ሙቀት ነው፤ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ደግሞ ያው ቴስታታው።

ይልቅ የአየር ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ በአቧራማ መንገድ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በየ5,000ው እየታየ። ቱርቦ ካለው ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ማኒኮቶ ሲጨመቅ የሚከፈት ስንጥቅ እንዳለው ይዩት። ኢንጀክተሮቹን አስፈትተው በመፈተሻ ማሽን የርጭታቸው ቅርጽና የመክፈቻ ግፊታቸው ይታይ፤ እንደ ጉም ከመርጨት ይልቅ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ናፍጣ ሳይጨመርም ያጨሳል፣ ፒስተንም ይበሳል።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ለጥንቃቄ ፎርዊሉን አስገብቼ ከደሴ እስከ ሐይቅ አስፋልት ላይ እነዳለሁ። መሪው ይከብዳል፣ ስመልሰውም ፎርዊሉ አልወጣ ይላል። (ከደሴ፣ ሮቢት)

መልስ፦ መኪናው "አስፋልት ላይ አታስገባኝ" እያለዎት ነው። የዚህ ሞዴል ፎርዊል በመሃል ዲፈረንሻል የለውም፤ የፊትና የኋላው ዘንግ በአንድ ላይ ይቆለፋሉ። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ይለቀዋል፤ አስፋልት ላይ ግን መውጫ ስለሌለው ጭንቀቱ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጀርባ ባለው፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ በሚያከፋፍለው ትራንስፈር ሰንሰለትና ጥርሶች ላይ ይጠራቀማል። አስፋልት እርጥብ ቢሆንም ያው አስፋልት ነው። ለዝናብ የሚበጀው ጥሩ ጎማና ፍጥነት መቀነስ ነው።

አልወጣ ሲልዎት በኃይል አይጎትቱት። ቀጥ ባለ ቦታ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲሄዱ ጭንቀቱ ይፈታል፣ ዘንጉም ይመለሳል። አውቶማቲክ ፍሪዊል ሞዞ (የፊት ጎማውን ከዘንጉ የሚያገናኘውና የሚለየው) ካለውም የሚለቀው በዚሁ መንገድ ነው። በእጅ የሚዞር ከሆነ ሁለቱም ጎማ ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ መሆናቸውን ይዩ፤ አንዱ ተቆልፎ ሌላው ክፍት መሆኑ የተለመደ ስሕተት ነው። ሪዶታ (የፎርዊሉ ዝቅተኛ ማርሽ) የሚገባው መኪናው ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ብቻ ነው።

አራቱም ጎማ ልካቸው ብቻ ሳይሆን መበላታቸውም አንድ ይሁን። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት ላጭ ከኋላ ካደረጉ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ያው ጭንቀት ይመጣል።

ዘይቱ ላይ ብዙ ጋራዥ ይሳሳታል። ዲፈረንሻሉ ጂኤል-5፣ 80-90 ይፈልጋል። ካምቢዮውና ትራንስፈሩ ግን ጂኤል-4 ነው የሚፈልጉት፤ ጂኤል-5 ከገባባቸው የነሐስ ቀለበቶቹን ይበላል፣ ማርሹም መጮህ ይጀምራል። ከማፍሰስዎ በፊት የመሙያውን ቡሎን መላላቱን ያረጋግጡ፤ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው እምቢ ካለ መኪናው እዚያው ይቀራል። የሚሞላው እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ነው። ቦርከናን ወይም ሌላ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱን ይዩ፤ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በማኅተሙ በኩል ይስባል። ላዩ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ከተዘጋች ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከግማሽ በኋላ ፍሬኑ ስፖንጅ ይሆናል። ሸራውም ፓዱም አዲስ ነው። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ዘይት ፍሬኑ ሲግል በእንፋሎት ይሞላና ፔዳሉ ይለሰልሳል። ዶት 4 ገዝተው በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀይሩት። አየር ሲወጣ ከኋላ ቀኝ ተነሥቶ ወደ ፊት ይምጣ። ከኋላ አክሰል ጋር የተያያዘው ጭነት የሚለየው ቫልቭ ክንዱ ዝጎ ከደረቀ የኋላው ፍሬን አይሠራም፤ ፊቱ ብቻውን ይግላል። ብዙ ሰው ፓድ ብቻ እየቀየረ የሚከርመው በዚህ ነው።

ፔዳሉ ስፖንጅ ሳይሆን እንደ እንጨት ከጠነከረ ግን ሰርቮውን (የፍሬን ረገጣውን የሚያግዘውን ክፍል) ይጠርጥሩ። ሞተሩን አጥፍተው አምስት ጊዜ ይርገጡ፣ ረግጠው እንደያዙ ያስነሡት፤ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ካልወረደ ከዲናሞው ጀርባ ያለው የቫኪዩም ፓምፕ ወይም ቱቦው ደክሟል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅ ስለሚል የሰርቮው እርዳታ ከቆላው ያነሰ ነው፤ ደካማ ፓምፕ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

ሲወርዱ የወጡበትን ማርሽ ይጠቀሙ። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ለስለስ አድርጎ ከመያዝ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ይሻላል። ዜሮ አድርጎ መንሸራተት ናፍጣ አይቆጥብም፤ በማርሽ ሲወርድ ፖምፓው ናፍጣውን ይቆርጣልና።

ጥያቄ፦ አንድ ኤል 300 ፎርዊል ልገዛ ነው። ምን ልይ? (ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያረጀውም ተፈላጊ ሆኗል፤ ሻጩ ሲያጣድፍዎት አይጣደፉ።

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅዎት ጠዋት ይሂዱ፤ ኮፈኑን ሳይሆን ወንበሩን አንሥተው ሞተሩ ላይ እጅዎን ያሳርፉ። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ከፍተው ያሽትቱ፣ ውሃው ላይ ዘይት ይንሳፈፍ እንደሆነ ይዩ። ተነሥቶ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲያነሡ ጭስ በኃይል የሚተፋ ከሆነ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል።

ዝገቱ በጣሪያው ጠርዝ ቦይ፣ በፊት መስታወቱ ሥርና በበሮቹ ሥር ባለው ቆርቆሮ ይደበቃል። አዲስ ጥቁር ቀለም ከሥር የተቀባ መኪና ካገኙ በካቻቢቴ ጫፍ ይንኩት። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ በመሪው ዘንግና በፍሬን ፔዳሉ ማያያዣ ላይ የብየዳ ምልክት ይፈልጉ፤ እዚያ ቦታ ብየዳ ያለበትን መኪና እንዲገዙ አንመክርም። የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በፊደልም በቁጥርም አንድ ይሁን።

የመለዋወጫ ነገር እንደሚያሰጋዎት እንገምታለን። 4ዲ56 በፓጄሮና በኤል 200 ፒክአፕም ውስጥ አለ፤ ሀዩንዳይም በፈቃድ ሠርቶ ዲ4ቢኤፍና ዲ4ቢኤች እያለ በጋሎፐርና በስታሬክስ ላይ ገጥሞታል። ስለዚህ የቴስታታ፣ የቺንጋና የፋሻ ዕቃ አይጠፋም። ቺንጋ ሲገዙ ግን አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ስፋቱን ይለኩ፣ ጥርሱን ይቁጠሩ። ባላንስ ዘንግ ያለውና የሌለው፣ ባለ 2.5 ሊትሩና ባለ 2.6ቱ የሀዩንዳይ ሞተር በሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ የባለ 2.6ቱ ስም ዲ4ቢቢ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ይህን ካነበቡ ሻጩ ሌላ እንዲያመጣልዎት ይጠይቁ።